የትንንሽ ውሾች ሳል፦ የአየር ቧንቧው ሲላላ ምን ይሆናል?

ትንሽ ውሻ ድንገት ቆም ይላል። አንገቱን ወደ ፊት ይዘረጋል፣ የፊት እግሮቹን ፈርከክ ያደርጋል፣ ከዚያ ደረቅ ሳል ይጀምረዋል። ሳሉ መጨረሻው ላይ ወደ ማቅለሽለሽ ይሄዳል፤ ትንሽ ነጭ አረፋ ሊተፋም ይችላል። ይህን ያየ ባለቤት መጀመሪያ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «አጥንት ተሰንቅሮበታል!» አፉን ከፍቶ ያያል። ጣቱን ይሰዳል። ምንም የለም። ውሻው ከደቂቃ በኋላ ጅራቱን እየቆላ ይመጣል፤ ነገሩም እዚያው ይረሳል።

ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። በር ሲንኳኳ፣ እንግዳ ሲገባ፣ ገመዱ ሲጎተት፣ ውሃ ሲጠጣ። ቀስ በቀስ ድምፁም የውሻ ሳል መምሰሉን ይተውና እንደ ዝይ ጩኸት ይሆናል። በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲህ የሚጮኹ ትንንሽ ውሾች ቪዲዮ ከሳቅ ምልክት ጋር ሲዘዋወር ማየት የተለመደ ነው። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ያስቃል። ውሻው ግን በዚያች ቅጽበት አየር እያጠረው ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ችግሩን ትራኪያል ኮላፕስ ይሉታል። ከማንቁርት ተነስቶ ወደ ሳንባ አየር የሚያወርደው ቧንቧ ይላላል፤ ክብነቱን ያጣል፤ ከላይ ወደ ታች ይደፈጠጣል። በብዛት የሚታየው ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ፖሜራኒያን፣ ቺዋዋ፣ ቶይ ፑድል፣ ማልቲዝ፣ ፐግ እና ሺትዙ ላይ ነው። ከሁሉም ግንባር ቀደሙ ዮርክሻየር ቴሪየር ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው በጉልምስና፣ 6 ወይም 7 ዓመት አካባቢ ነው። ዓመት ሳይሞላቸው የሚጀምራቸውም አሉ።

ስለዚህ በሽታ ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምናና ወደ ስቴንት (ቧንቧውን ከውስጥ ከፍቶ ወደሚይዝ የሽቦ መረብ) ይሄዳል። እኔ ግን ክብደቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው ባይ ነኝ። የቧንቧው ድክመት ከዝርያው ጋር ይመጣል፤ ባለቤቱ አልመረጠውም። ያንን ድክመት ወደ ቀውስ የሚገፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የሚጨመርበት ነገር ነው። የሚጨምረው ደግሞ ሰው ነው።

ሙሉ ያልሆነው ቀለበት

የውሻ የአየር ቧንቧ ከ35 እስከ 45 በሚደርሱ የልም አጥንት ቀለበቶች የተሠራ ነው። ቀለበቶቹ ሙሉ ክብ አይደሉም። በጀርባ በኩል ክፍት ናቸው። ክፍተቱን የሚደፍነው ስስ ጡንቻና ሽፋን ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ ቧንቧው እንዲተጣጠፍ ያስችለዋል። ሲያስል ደግሞ ጠበብ ብሎ አየሩን በፍጥነት እንዲያስወጣ ይረዳዋል።

ጤነኛ ልም አጥንት ጥንካሬውን የሚያገኘው በውስጡ ከያዘው ውሃ ጭምር ነው። ውሃውን ይዘው የሚያቆዩት እንደ ኮንድሮይቲን ሰልፌት ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በታመመው ቧንቧ ላይ እነዚህ ያንሳሉ። የልም አጥንቱ ሴሎችም ይቀንሳሉ፣ ካልሲየሙም እንዲሁ። ቀለበቱ ቅርጹን መያዝ ያቅተዋል። ሁለቱ ጫፎቹ ይራራቃሉ፤ በመሃላቸው ያለው ሽፋን ይለጠጥና ወደ ውስጥ ይንጠለጠላል። አየሩ የሚያልፍበት ክብ በር ቀስ በቀስ ጠባብ ስንጥቅ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች «ኮንድሮይቲን ካነሰው ኮንድሮይቲን ይብላ» ይላሉ። አሳቡ ያሳምናል፤ ሻጮችም ይወዱታል። ነገር ግን የተበላ ማሟያ የላላ የቧንቧ ቀለበትን መልሶ እንደሚያጠነክር የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም። ውሻውን ላይጎዳው ይችላል። ገንዘቡ ግን ሌላ ቦታ ላይ ቢውል ይሻላል።

በተለይ በወጣት ዮርክሻየር ቴሪየሮች ላይ የሚታይ ሌላ መልክም አለ። በእነሱ ላይ ቀለበቱ ከመላላት ይልቅ ከመጀመሪያውም ቅርጹ የተበላሸ ነው፤ የታችኛው ክፍሉ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በእነዚህ ውሾች ላይ ከሳሉ ይልቅ ሲተነፍሱ የሚሰማው የማያቋርጥ ድምፅ ጎልቶ ይወጣል። ሕክምናውን ሲመርጡ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው፤ በአፈጣጠር የተበላሸን ቅርጽ መድኃኒት አያቃናውም።

አንገት ላይ ሲገባ፣ ደረት ውስጥ ሲወጣ

ቧንቧው በሁለት ዓለም ውስጥ ያልፋል። ግማሹ አንገት ላይ ነው፤ ግማሹ ደረት ውስጥ። ሁለቱ የሚደፈጠጡበት ጊዜ የተለያየ ነው።

ውሻው አየር ሲስብ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። አንገት ላይ ያለው ክፍል ከውጭ በተለመደው የአየር ግፊት ተከብቧል። ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ወደ ውስጥ ይሳባል። የወፍራም ጭማቂ ስትሮን በኃይል ስንስብ ጎኖቹ የሚጣበቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንገቱ ላይ የተጎዳ ውሻ የሚቸገረው አየር ሲያስገባ ነው።

ደረት ውስጥ ያለው ክፍል ተቃራኒ ነው። አየር ሲስብ ደረቱ ይሰፋል፤ ቧንቧውም አብሮ ይከፈታል። አየሩን ሲያስወጣ፣ በተለይም ሲያስል፣ የደረቱ ግፊት ይጨምርና ቧንቧውን ይጫነዋል። እዚህ ላይ የተጎዳውን ውሻ የሚያስቸግረው ማስወጣቱ ነው፤ ሳሉም የበረታ ይሆናል። ብዙ ውሾች ደግሞ ሁለቱም አለባቸው። ችግሩ ከዋናው ቧንቧ አልፎ ወደ ሳንባ የሚገቡትን ቅርንጫፎችም ሊያላላ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ ወደ ስቴንት ስንመጣ እንመለስበታለን።

መጥበቡ ለምን እንዲህ ከባድ እንደሚሆን አንድ የፊዚክስ ስሌት ያሳያል። አየር በክብ ቧንቧ ውስጥ ሳይናወጥ ሲፈስ፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋቱ (ዲያሜትሩ) በግማሽ ቢቀንስ እንቅፋቱ በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው። በ16 እጥፍ ነው። ውሻው ሲደሰት ወይም ሲሮጥ አየሩ መናወጥ ስለሚጀምር ሁኔታው ከዚህም ይብሳል። የትንሽ ውሻ ቧንቧ ደግሞ ሲጀመርም ስፋቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ለትልቅ ውሻ ምንም የማይሆን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ለእሱ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሐኪሞች መጥበቡን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። አንደኛው ደረጃ ላይ የቧንቧው ውስጣዊ ስፋት በ25 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 75 በመቶ ነው። አራተኛው ላይ ቧንቧው ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ደረጃው ለሐኪም ጥሩ መለኪያ ነው። ባለቤት ግን ከቁጥሩ ጋር ብዙ ባይጣላ ይመረጣል። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ደህና የሚኖር ውሻ አለ፤ ሁለተኛ ላይ ሆኖ እንቅልፍ የሚያጣም አለ። የሚቆጠረው ውሻው እንዴት እየዋለና እንዴት እያደረ እንደሆነ ነው።

ሳል ሳልን ይወልዳል

የቧንቧው ሁለት ግድግዳዎች በሳል ጊዜ ይጋጫሉ። ሲጋጩ የውስጥ ሽፋናቸው ይቆጣል። አክታን ጠርገው የሚያስወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎዳሉ። ሥራቸውን ሲያቆሙ አክታው ይጠራቀማል። አክታው ደግሞ ሌላ ሳል ያመጣል። ለዚህ ነው ሳሉን መቆጣጠር ምቾት የመስጠት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። ያልተቆጣጠሩት ሳል ራሱ በሽታውን ይመግበዋል።

ሁለተኛው ዑደት ሙቀት ነው፤ የሚገድለውም ይኸኛው ነው። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይበርድም። የሚበርደው ምላሱን አውጥቶ በማለከለክ ነው። የአየር ቧንቧው የተደፈጠጠ ውሻ በማለከለክ በቂ አየር ማንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ይበልጥ ያለከልካል። ማለክለኩ ራሱ የጡንቻ ሥራ ስለሆነ ሙቀት ይጨምራል። ቧንቧውም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይበልጥ ይጠባል። ለሌላ ውሻ ቀላል የሆነ ሞቃት ከሰዓት ለዚህ ውሻ የሞት አደጋ ሊሆን ይችላል።

የምንጨምርበት ነገር

አንደኛው የአንገት ማሰሪያ ነው። ትንሹ ውሻ ይጎትታል፣ ባለቤቱ ይስባል፣ ኃይሉ በሙሉ የሚያርፈው በዚያ ለስላሳ ቧንቧ ላይ ነው። የአንገት ማሰሪያ በሽታውን አይፈጥርም። ያለውን ግን በቀጥታ ይጫነዋል። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ደረት ላይ የሚያርፍ ማሰሪያ፣ ብዙዎች ሃርነስ የሚሉት። ስሙ ሃርነስ ሆኖ ማሰሪያው ጉሮሮው ላይ የሚያርፍ ሞዴልም ስለሚሸጥ ሲገዙ ልብ ማለት ነው። እኔ ብጠየቅ ትንሽ ዝርያ ያለው ሰው ሳል እስኪመጣ ሳይጠብቅ ከቡችላነቱ ጀምሮ ይህንን ቢጠቀም እላለሁ። ከዚህ የረከሰ መከላከያ አላውቅም።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ይህ ብዙ ሰው የማይወደው ርዕስ ነው፤ ውሻን መመገብ ፍቅር ማሳያ ስለሆነ። ቁጥሩን እንየው። 3 ኪሎ መሆን ያለበት ውሻ ግማሽ ኪሎ ቢጨምር፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 12 ኪሎ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። በዓይን ግን «ትንሽ ሞላ አለ» ነው የሚባለው። ያ ስብ አንገትና ደረት ውስጥ ይቀመጣል። ሆድ ውስጥ ያለው ደግሞ ድያፍራሙን፣ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሳንባው የሚሰፋበትን ቦታ ይቀማል። ከመጠን በላይ የወፈሩ ታማሚ ውሾች ክብደታቸው ብቻ ሲቀንስ ሳላቸው በግልጽ የሚሻሻልላቸው ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ መድኃኒቱን ሁሉ ይቀንሳል።

ከገበታ የሚወረወረው ቁራሽ ነው ዋናው ጠላት። ለሰው አንድ ጉርሻ የሆነው ለ3 ኪሎ ውሻ ትልቅ ምግብ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ካልተስማማ ደግሞ አይሆንም። አንዱ ይቆጥባል፣ ሌላው ከጠረጴዛ ሥር ያጎርሳል።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። የሲጋራ ጭስ፣ ሽቶ፣ አቧራ፣ በስፕሬይ የሚነፉ የቤት ማጽጃዎች የተቆጣውን ቧንቧ ይበልጥ ያስቆጣሉ። ደስታም ያስለዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከውጭ ሲገባ ሰላምታውን ረጋ ማድረጉ ይጠቅማል። የእግር ጉዞ መከልከል የለበትም። አጭር ይሁን፤ በማለዳ ወይም ጀንበር ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁን።

ሁሉም ሳል ይህ አይደለም

እንደ ዝይ የሚያስል ትንሽ ውሻ ሁሉ የአየር ቧንቧው ተደፍጥጧል ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ምክንያቱም እነዚሁ ዝርያዎች ሲያረጁ የልብ ቫልቭ ችግርም ያጠቃቸዋል። የልባቸው ግራ ክፍል ሲያብጥ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ይጫነውና ያስላል። ሁለቱ በሽታዎች አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ለቤት የሚሆን አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ ውሻው በደንብ ሲተኛ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ መቁጠር። ብዙውን ጊዜ ከ30 በታች ነው። በተደጋጋሚ ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋር መሄድ ያስፈልጋል፤ ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል።

ከሌሎች ውሾች ጋር ከዋለ በኋላ ባሉት ቀናት በድንገት የጀመረ ሳል ተላላፊ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። የተደበቀ የቧንቧ መላላት ራሱን የሚገልጠው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ለሌላ ቀዶ ሕክምና በማደንዘዣ ጊዜ ቱቦ ከገባ በኋላም እንዲሁ ሊገለጥ ይችላል። ወደ ውስጥ የማስነጠስ ነገርም አለ፦ ውሻው በአፍንጫው አየር በኃይል ደጋግሞ ይስባል፣ ያንኮራፋል፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይተወዋል። ያስደነግጣል እንጂ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም።

ክሊኒክ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ውሻው አያስልም። ጠረጴዛው ላይ እንደ መልአክ ይቀመጣል። ስለዚህ ሳሉን ቤት ውስጥ በስልክ ቀርጾ መሄድ ትልቅ እገዛ ነው። ድምፁን የሰማ ሐኪም ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ራጅ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርመራ ነው። ነገር ግን ራጅ የአንድ ቅጽበት ምስል ነው፤ በሽታው ደግሞ የእንቅስቃሴ በሽታ ነው። አየር ሲስብ የተነሳ ምስል ደረት ውስጥ ያለውን መደፍጠጥ ሊያመልጠው ይችላል። ሲያስወጣ የተነሳው ደግሞ የአንገቱን። ስለዚህ ሁለቱም ይነሳሉ። ያም ሆኖ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት «በሽታው የለም» ማለት አይደለም። ፍሎሮስኮፒ የሚባለው ተንቀሳቃሽ ራጅ ቧንቧው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሲከፈትና ሲዘጋ ያሳያል። ከሁሉም በላይ የተሟላው በካሜራ ወደ ውስጥ ገብቶ ማየት፣ ብሮንኮስኮፒ ነው። ቅርንጫፎቹንም ያሳያል፤ ለላቦራቶሪ የሚሆን ናሙናም ይወሰዳል። ማደንዘዣ ግን ይፈልጋል፤ ማደንዘዣ ደግሞ ለእነዚህ ውሾች፣ በተለይ ሲነቁ፣ ስጋት አለው። ሐኪሙ ሁሉንም ምርመራ ሳያዝዝ ሕክምና ቢጀምር ሰነፈ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አመዛዝኖ ነው።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም

የላላውን ቀለበት መልሶ የሚያጠነክር መድኃኒት የለም። የሚሰጠው ሁሉ ዑደቱን ለመስበር ነው። ዋናው ሳል ማስታገሻ ነው፤ እንደ ሃይድሮኮዶን፣ ቡቶርፋኖል ወይም ኮዴይን ያሉ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጡ። ብግነቱ ሲነሳ ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ይሰጣል። ይህ መድኃኒት ሲረዝም የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ውሻው ይወፍራል፣ ውፍረቱም ሳሉን ይመልሰዋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪሞች እንደ አስም መድኃኒት በጭንብል የሚሳብ ፍሉቲካዞን የሚመርጡት። ስቴሮይዱ በአብዛኛው እዚያው መተንፈሻው ላይ ይሠራል፤ በተቀረው ሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጫና ያንሳል። በረባ ባልረባው ሁሉ ለሚደነግጥና ለሚጮህ ውሻ የሚያረጋጋ መድኃኒት ከሳል ማስታገሻው ያልተናነሰ ሊጠቅም ይችላል።

እንደ ቴዎፊሊን ያሉ የመተንፈሻ ማስፊያዎች ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ተስፋ ይወሰዳሉ። ዋናውን ቧንቧ አያሰፉትም፤ የሱ ችግር የልም አጥንት ነው እንጂ የጡንቻ መኮማተር አይደለም። የሚረዱት በሳንባው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ቱቦዎች ነው። እነሱ ሲከፈቱ አየር ለማስወጣት የሚያስፈልገው ግፊት ይቀንሳል፤ ደረት ውስጥ ያለው ቧንቧም እፎይ ይላል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ኢንፌክሽን ካለ ብቻ ነው።

ከሰው መድኃኒት ሣጥን ውስጥ የሳል ሽሮፕ አውጥቶ መስጠት ግን አይሞከርም። አንዳንዱ ፓራሲታሞል አለበት፤ ፓራሲታሞል ውሻን ይመርዛል። አንዳንዱ የሚጣፍጠው በዛይሊቶል ነው፤ ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በፍጥነት ያወርዳል፣ ጉበትንም ይጎዳል። ለአፍንጫ መደፈን የሚሰጡትም የልብ ምቱን ሊያናውጡት ይችላሉ። «ለሕፃን የሚሰጥ ነው» የሚለው አነጋገር እዚህ አይሠራም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውጤቱ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ፣ 100 ታማሚ ውሾችን የተከታተለ የብሪታንያ ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። ከእነዚያ ውስጥ 71 በመቶው ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በክብደት ቅነሳ፣ በመድኃኒትና በአካባቢ ለውጥ ከአንድ ዓመት በላይ ደህና ሆነው ቆይተዋል። ቁጥሩ የአንድ ጥናት ነው፤ ለእያንዳንዱ ውሻ ዋስትና አይሆንም። ነገር ግን ባለቤቱ ምርመራውን እንደሰማ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚሮጥበት ምክንያት እንደሌለ ያሳያል።

ወዲያው መሮጥ የሚገባበት ጊዜ ሌላ ነው። ምላሱ ወይም ድዱ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ካደላ፣ ራሱን ከሳተ፣ ማለክለኩ ካልቆመ፣ ትንፋሹን ለመሳብ ሆዱን እያስገባ ከታገለ አይጠበቅም። በመንገድ ላይ ቀዝቀዝ ያለ አየር እንዲያገኝ ማድረግ፣ ከሞቀው ሰውነቱን በውሃ ማርጠብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራስን ማረጋጋት ያስፈልጋል። የባለቤቱ ጩኸት ውሻውን ይበልጥ ያስደነግጠዋል። አፉ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊልክበት ይችላል። ክሊኒክ ሲደርስ ሐኪሙ ከራጁ በፊት ኦክሲጅንና የሚያረጋጋ መርፌ ቢያስቀድም አይገርምም። መረጋጋቱ ራሱ ቧንቧውን ይከፍተዋል።

ስቴንት፦ ለማን?

መድኃኒቱና ጥንቃቄው ተሞክሮ ውሻው አሁንም መተንፈስ ሲያቅተው ሁለት መንገድ ይቀራል። አንዱ ከቧንቧው ውጭ የፕላስቲክ ቀለበቶችን መስፋት ነው። ለአንገቱ ክፍል ይሆናል፤ ደረት ውስጥ ላለው አይሆንም። ወደ ማንቁርት የሚሄዱት ነርቮች ቧንቧውን ተጠግተው ስለሚያልፉ ከተነኩ ማንቁርቱ ሊሽመደመድ ይችላል። እጁ የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ይጠይቃል።

ሁለተኛው ስቴንት ነው። ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ የተሸመነ የሽቦ መረብ ነው። ውሻው በማደንዘዣ ተኝቶ በአፉ በኩል ይገባል፤ ቦታው ሲደርስ በራሱ ተከፍቶ ቧንቧውን ይደግፋል። ሰውነት አይቀደድም። መታፈን ደረጃ ላይ ደርሶ የነበረ ውሻ በዚያው ቀን በቀላሉ ሲተነፍስ ማየት ይቻላል። ስለዚህ ዝናው ትልቅ ነው።

ዝናው የማይናገረው ነገር ግን አለ። ስቴንት የሚያክመው የትንፋሽ መታፈንን ነው እንጂ ሳሉን አይደለም። ቅርንጫፎቹ የላሉ ከሆነ ስቴንቱ እዚያ አይደርስም፤ ሳሉ ይቀጥላል። ሳሉ ከቀጠለ ደግሞ ሽቦው በየቀኑ ይታጠፋል፤ የሚታጠፍ ሽቦ አንድ ቀን ሊሰበር ይችላል። በጫፎቹ አካባቢ ሥጋ ሊያድግበትና መልሶ ሊያጠበው ይችላል። ልኩ ካነሰ ከቦታው ይንሸራተታል። ኢንፌክሽንም ይመጣል። ከገባ በኋላ ማውጣቱ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ስቴንት የገባለት ውሻ ሳል ማስታገሻውን አይተውም፤ ክትትሉም ዕድሜ ልክ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀ የሚወስን ባለቤት ውሳኔው ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ለሚታፈን ውሻ ከዚህ የተሻለ ምርጫ ላይኖር ይችላል። «ሳሉ ሰለቸኝ፣ ስቴንት ይግባለትና ይገላገል» የሚል ግን የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው።

ቁመት የሚታይ፣ ቧንቧ የማይታይ

አሁን ወደ ሥሩ እንምጣ። በእጅ መዳፍ የሚያዝ ውሻ ፍላጎቱ ትልቅ ነው፤ አነስ ባለ ቁጥር ዋጋው ይንራል። «ቲካፕ» (የሻይ ስኒ) እየተባሉ የሚሸጡት ራሳቸውን የቻሉ ዝርያ አይደሉም፤ የታወቁት የዝርያ መዝጋቢ ክበቦችም በዚህ ስም አይቀበሏቸውም። ከየትውልዱ ትንሹን ከትንሹ በማዳቀል የሚገኙ ናቸው። ሰው በዓይኑ የሚመርጠው መጠኑን ነው። ከመጠኑ ጋር ምን አብሮ እየተመረጠ እንደሆነ ዓይን አያየውም።

ፊታቸው የተጨፈለቀ ውሾችን በተመለከተ ሕግ ማውጣት የተቻለው የሚለካ ነገር ስላለ ነው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው መመዘኛ መሠረት የአፍንጫው ርዝመት ከራስ ቅሉ ርዝመት ሲሶ የማይሞላ ውሻ ለማራባት አይፈቀድም። ይህን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ለአየር ቧንቧ መላላት እንዲህ ያለ ማስመሪያ የለም። በደም ናሙና ቀድሞ የሚለይ፣ ተቀባይነት ያገኘ የዘር ምርመራም የለም። የባሰው ደግሞ ጊዜው ነው። ውሻው ማሳል የሚጀምረው 6 ወይም 7 ዓመቱ ላይ ከሆነ፣ ያኔ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ የልጅ ልጆቹም ተሸጠዋል።

ስለዚህ ቡችላ ሊገዛ ለሚሄድ ሰው የእናትና የአባቱን ጤንነት ማየቱ ብቻውን ብዙ አይነግረውም፤ እነሱ ገና ወጣት ናቸው። መጠየቅ ያለበት ስለ አያቶቹ ነው። በሕይወት አሉ ወይ? ስንት ዓመታቸው ነው? ሲደሰቱ ያስላሉ ወይ? ከተቻለም ድምፃቸውን በጆሮ መስማት። ይህን ጥያቄ የለመደ አራቢ መልሱን ያውቀዋል፤ ያሳለ ውሻንም ከማራባት አስወጥቶ ይሆናል። ጥያቄው እንግዳ ከሆነበት፣ ወይም አያቶቹ የት እንዳሉ ካላወቀ፣ ገዢው ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል።